የሀዋሳ ሐይቅ ዳር ወፎች፦ ፕላስቲክ፣ ከባድ ብረቶችና የአንዲት ከተማ ስድሳ ዓመታት

(ለተማሪዎችና ለመምህራን በሀዋሳ የተሰጠ የሕዝብ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የቀረበ)



ለዚህ ንግግር መጀመሪያ የታሰበው ርእስ «የባሕር ዳር ወፎችና ብክለት» የሚል ነበር። «ባሕር» የሚለው ቃል «ሐይቅ» በሚለው እንዲተካልኝ ጠየቅሁ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የሌለን ሕዝብ መሆናችን አንዱ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን ሌላ ነው። ስለ ፕላስቲክና ስለ ወፍ ሲነሣ ሐሳባችን ወዲያው ወደ ሩቅ ውቅያኖስ ይሄዳል፤ ሆዱ በጠርሙስ ክዳን የተሞላ የአልባትሮስ ሬሳ በዓይነ ኅሊናችን ይመጣል፤ ነገሩም የሌላ አገር ችግር ሆኖ ይቀራል። ውቅያኖስ ቢያንስ ሰፊ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ ግን 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት፣ በጥልቁ ቦታ 22 ሜትር አካባቢ ጥልቀት ያለው፣ በገጸ ምድር የሚታይ መውጫ የሌለው ውሃ ነው። የሚገባው ይገባል፤ ውሃው በትነትና በምድር ውስጥ ስርገት ይቀንሳል፤ ብረቱና ፕላስቲኩ ግን አብረውት አይተኑም።

እኔ የታሪክ ሰው ነኝ፤ ኬሚስት አይደለሁም። ስለዚህ የማቀርበው የቤተ ሙከራ ውጤት ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው፦ ምን መቼ መጣ፣ በየት በኩል ገባ፣ ማን ላይ አረፈ።

በአሞራ ገደል ልጀምር፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲደርሱ አባ ኮዳዎቹ በሰው መካከል ቆመው የዓሣ አንጀት ሲሻሙ የማያስደንቀው እንግዳ የለም። አስጎብኚዎች ይህን ትዕይንት የሐይቁን ጤንነት ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል። በዚህ አልስማማም። አባ ኮዳ በብዙ የአፍሪካ ከተሞች በቄራና በቆሻሻ መጣያ አጠገብ የሚበዛ ወፍ ነው። ቁጥሩ የሚነግረን ስለ ሰው ትርፍራፊ ብዛት እንጂ ስለ ውሃው ንጽሕና አይደለም። የሐይቁን ጤና መጠየቅ የሚሻ ሰው ከገበያው ራቅ ብሎ፣ ውሃው ጭቃውን ገልጦ በሚሸሽበት ዳር መቆም አለበት። እዚያ ቀጫጭን እግር ያላቸው፣ ከደረቅ ሣር የማይለዩ፣ ማንም ፎቶግራፍ የማያነሣቸው ትናንሽ ወፎች በረጅም መንቁራቸው ከጭቃው ትል እየለቀሙ ይመላለሳሉ። ሳንድፓይፐር የሚባሉት ይገኙባቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ30 ግራም የማይበልጠው ስቲንትም እንዲሁ። አብዛኞቹ የሚፈለፈሉት በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ ነው፤ ከመስከረም አካባቢ ጀምረው የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ተከትለው ይመጣሉ፣ የበጋውን ወራት ያሳልፋሉ፣ በበልግ ይመለሳሉ። ለእነዚህ ጭቃው ገበታ ነው። በጭቃው ያለው ሁሉ ወደ ሰውነታቸው ይገባል።

እንግዲህ ጭቃው ከየት መጣ?

ከተማዋ ወጣት ናት። አዳሬ ይባል በነበረው ስፍራ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር የምሥረታዋ ታሪክ ከልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫም ከይርጋለም ወደዚህ ተዛወረ። ለከተማ የተመረጠው ቦታ ውበቱም ድካሙም አንድ ነው፦ ከሐይቁ ጋር ግንባር ለግንባር የተጋጠመ ሜዳ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ የመንገዱ ጎርፍ ሁሉ ቁልቁል ወደ ውሃው ይወርዳል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በከተማ አስተዳደሩ ክልል 258,808 ሰዎች ተቆጥረዋል፤ ከእነዚህ 157,139ኙ የከተማ ነዋሪዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ምን ያህል እንዳደገች ከታቦር ተራራ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ቁጥር አያስፈልገውም።

ከከተማው በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው ታሪክ ግን ከከተማው ታሪክ ይልቅ ለወፎቹ ወሳኝ ነበር፤ ስለዚህ ትንሽ እቆይበታለሁ። ከወንዶ ገነት ከፍታዎች የሚወርዱት ጅረቶች በቀጥታ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ አይገቡም ነበር። ጨለለቃ በሚባል ጥልቀት የለሽ ሐይቅና ረግረግ ተጠራቅመው፣ ደለላቸውን እዚያ አራግፈው፣ ከዚያ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ያልፉ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚፈስሰው ብቸኛ ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። ወደ ሻሸመኔ የሚሄድ ሁሉ ድልድዩን ይሻገራል። ጨለለቃ በ1960ዎቹ ገና ክፍት ውሃ ነበረው። በኋላ ደኑ ሲመነጠር ደለሉ በዛ፤ የሐይቁ ሆድ ሞላ፤ ውሃው ቀስ በቀስ ረግረግ፣ ረግረጉ ግጦሽ፣ ግጦሹ እርሻ ሆነ። በሰው አነጋገር «መሬት ተገኘ» ተባለ። በወፍ አነጋገር ግን ከሁሉ የሚሻለው ጭቃ ጠፋ፤ እንግዶቹ የቀራቸው የትልቁ ሐይቅ ጠባብ ዳር ነው።

ረግረግ ለሐይቅ እንደ ኩላሊት ነው የሚሉ አሉ። ምሳሌው ያስኬዳል፤ ግን አንድ ነገር ይደብቃል። ኩላሊት መርዙን ወደ ውጭ ያወጣል፤ ረግረግ ግን ያጠራቅማል። ጨለለቃ እየጠበበ በሄደባቸው በእነዚያው አሥርት ዓመታት ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ፣ የሴራሚክ፣ የቢራና የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች በከተማዋና በአካባቢዋ ተተከሉ። በኋላም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ፓርኩ ፈሳሽ ቆሻሻን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ «ዜሮ ፍሳሽ» የሚባለውን ሥርዓት ይዞ መምጣቱ በቴክኒክ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን አዲስ ማጣሪያ የአሮጌውን ዘመን ደለል አያጥብም። የጋራዡ የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪው እርሳስ፣ ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣው የፎስፌት ማዳበሪያ ካድሚየም፣ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መባቻ ድረስ በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ፣ እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ዘመን አላቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎድጓዳ ስፍራ ወርደዋል።

ስለ ፕላስቲክ ቋንቋችን ከመዝገብ የበለጠ ይናገራል። እናቶቻችን ገበያ የሚሄዱት ዘንቢል ይዘው ነበር፤ ቆጮ በእንሰት ቅጠል፣ ጫት በኮባ ይጠቀለል ነበር። ቅጠሉ ሜዳ ላይ ቢጣል ፍየል ይበላዋል፣ አለዚያም ይበሰብሳል። ከዚያ «ፌስታል» መጣ። ከዚያ ደግሞ የታሸገ ውሃ ገበያችንን ሲይዝ የአንዱ ቀዳሚ ምርት ስም «ሃይላንድ» የማንኛውም የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ፤ ዛሬ ልጅ «ባዶ ሃይላንድ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ስለ ፋብሪካው አያስብም። አንድ ዕቃ የራሱን ስም ትቶ የወል ስም እስኪሆን ድረስ የገባበትን ፍጥነት የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ሰነድ አላገኘሁም። ጫቱንም ዛሬ በአብዛኛው ላስቲክ ጠቅልሎታል።

ሕጉ ዝም አላለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጣ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ደግሞ ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ በተፈጥሮ የማይበሰብሱ ፌስታሎች እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ከለከለ። የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ በዓይን የሚለካ የገበያ ተቆጣጣሪ የት ይገኛል? ክልከላው በወረቀት ላይ ጸንቶ፣ ፌስታሉ በየቱቦው ተከማችቶ አሥራ ስምንት ዓመታት አለፉ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ውፍረትን መለካት ትቶ የፕላስቲክ ከረጢትን በጥቅሉ ወደ መከልከል ተሸጋገረ። ሕግ አውጪው ከቀደመው አዋጅ ድክመት እንደ ተማረ እወስደዋለሁ።

ፕላስቲኩ በወፍ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሁለት መልክ ይታያል። አንዱ ለዓይን ግልጽ ነው፦ የተጣለ የናይለን መረብ ቁራጭ በእግር ይተበተባል፤ እግሩ የታሰረ ወፍ ጭቃ ላይ መሮጥ አይችልም፤ ጭቃ ላይ መሮጥ የማይችል ሳንድፓይፐር ደግሞ ምግብ አያገኝም። ሁለተኛው አይታይም። ጠርሙሱና ፌስታሉ በፀሐይ ተሰባብሮ ደቃቅ ቅንጣት ሲሆን ከደለሉ ጋር ይቀላቀላል። በጎረቤታችን በዝዋይ ሐይቅ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶው ፕላስቲክ ውጠው እንደ ተገኙ ዘግቧል፤ ቅንጣቶቹ በደለሉም ውስጥ ነበሩ። ዓሣ ከደለል ከዋጠ፣ መንቁሩን ቀኑን ሙሉ እዚያው የሚነክረው ወፍ እንዴት ሊያመልጥ ይችላል? እዚህ ላይ ሁለቱ ርእሶቻችን ይገናኛሉ። በተለይ የቀድሞ ዘመን ፕላስቲኮች ቀለማቸውና ማጠንከሪያቸው እርሳስና ካድሚየም የያዘ ነበር፤ ከዚህም በላይ የፕላስቲክ ቅንጣት በውሃው ውስጥ ያለውን ብረት በገጹ ላይ ይሰበስባል። ስለዚህ «የፕላስቲክ ክፍል» እና «የብረት ክፍል» እያልን መለያየታችን ለቢሮ አሠራር ይመች ይሆናል፤ ለወፉ ጨጓራ ግን ትርጉም የለውም።

ወደ ብረቶቹ ልመለስ። በዚህ ረገድ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ዝናቡ ገብረ ማርያም ከአንድ የውጭ ባልደረባቸው ጋር በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በገባሮቻቸው ስላለው የከባድ ብረቶች መጠን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። ዘሪሁን ደስታና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 ባሳተሟቸው ሥራዎች በሀዋሳ ሐይቅ ዓሦች ያለውን ሜርኩሪ መርምረዋል። ውጤቱ ለታሪክ ተማሪም ትምህርት ይሰጣል። በአብዛኛው በውሃ ውስጥ ዕፅዋት የሚኖረው ቆሮሶ ዝቅተኛ ሜርኩሪ ነበረው። ሌሎች ዓሦችን ወደ መብላት በተሸጋገሩት ትልልቅ ባርበሶች ግን መጠኑ ከፍ ብሎ ተገኘ። አምባዛ ደግሞ ዓሣ በል ሆኖ ሳለ ከተጠበቀው በታች ነበር። ያሬድ በየነ ዮሐንስ ከጃፓን ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት በዚሁ ሐይቅ ዓሦች ውስጥ ከብረቶች ጋር የዲዲቲ ቅሪትም እንዳለ አሳይተዋል። ዲዲቲ ለዐሥርት ዓመታት ወባን ለመከላከል የቤት ግድግዳ የተረጨበት መድኃኒት ነው፤ ብዙዎቻችን በሕይወት የቆየነው በእርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይኸው ቡድን በቀጣዩ ዓመት በዝዋይ ሐይቅ አባ ኮዳን፣ ሐመርኮፕን፣ ቅዱስ አይቢስንና ነጭ ፔሊካንን መርምሮ ቅሪቱ ከዓሣው ወደ ወፉ መሻገሩን አስረድቷል።

ሜርኩሪ እንዴት ይሻገራል? ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ተራውን ሜርኩሪ ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። ይህ ዓይነቱ ከሰውነት በቀላሉ አይወጣም። ትሉ ጥቂት ይይዛል፤ ትሉን የሚበላው ዓሣ ከትሉ ይበልጣል፤ ዓሣውን የሚበላው ከዓሣው ይበልጣል። ከሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ዓሣ በል ንስር አለ፣ ፔሊካን አለ፣ ሰው አለ። ስለዚህ የወፉ ጉዳይ የወፍ ወዳዶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነፍሰ ጡር እናትና ሕፃን ልጅ ያሉበት፣ በየቀኑ ከሐይቁ ዓሣ የሚበላ የአስጋሪ ቤተሰብ የሚበላው ቆሮሶ ነው ወይስ ትልቅ ባርበስ የሚለው ጥያቄ ከዚሁ ሰንሰለት የሚወለድ ነው። ይህን ስል አንዳንዶች «የሀዋሳ ዓሣ ተመርዟል» ብለው እንዲያወሩብኝ አልፈልግም። ቆሮሶን ለሚበላ ሰው ጥናቱ የሚናገረው የሚያጽናና ነው። «ሁሉም ተመርዟል» የሚለውም «ምንም የለም» የሚለውም ሁለቱ ከስንፍና የሚመጡ ናቸው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ይህ ምድር የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። ሀዋሳ ራሷ የተቀመጠችው በጥንታዊ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድና አርሴኒክ ከድንጋዩ ሊወጡ እንደሚችሉ ሁሉ ሜርኩሪም ከፋብሪካ ብቻ አይመጣም። እንግዲህ ተፈጥሮ የሰጠችውንና ሰው የጨመረውን እንዴት እንለያለን? ይህ የኬሚስት ጥያቄ ይመስላል፤ በእኔ እምነት ግን የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ሊመለስ የሚችለው «ድሮ ስንት ነበር?» ብሎ በመጠየቅ ብቻ ነው።

ስዊድናውያን ይህን ጥያቄ በወፍ ላባ መለሱት። ላባ ሲያድግ በደም ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ከላባው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ላባው አድጎ ሲያበቃ የደም ሥሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ መጠኑ እንደ ታተመ ሰነድ ሳይለወጥ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመው የስዊድን ጥናት በሙዚየም የተቀመጡ የመቶ ዓመት ላባዎችን መርምሮ፣ በአንዳንድ ወፎች ሜርኩሪው በ1940ዎቹ በድንገት ማሻቀቡን አሳየ። ወቅቱ በሜርኩሪ የታሸ የእህል ዘር በእርሻ ላይ የዋለበት ነበር። ያ የዘር መድኃኒት በዚያው ዓመት ታገደ። በጃፓን ሚናማታ ግን የቆየ ላባ የመረመረ አልነበረም። እዚያ የታየው ወፍና ድመት ሲሞት፣ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1956 የሰው ሕመም በይፋ ሲመዘገብ ነው። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳነብ ልዩነታቸው የሳይንስ ዕድገት አይመስለኝም። አንደኛው አገር የቆየ ላባ በመሳቢያ አስቀምጦ ነበር።

የእኛ መሳቢያስ? ከሚገመተው የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኤሚል ኧርባን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ከሌስሊ ብራውን ጋር በሻላ ሐይቅ የነጭ ፔሊካኖችን ርቢ አጥንተዋል፤ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያን አእዋፍ ዝርዝር በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት አውጥተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የወፍ ቆዳዎች አሉት፤ በአውሮፓ ሙዚየሞችም ከአገራችን የተሰበሰቡ አሉ። ከስድሳ ዓመት በፊት ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የተወሰደ አንድ ላባ፣ ዛሬ በሀዋሳ ዳር ወድቆ ከሚገኝ ላባ ጋር ሲነጻጸር፣ የተፈጥሮውን ድርሻ ከከተማው ድርሻ ለመለየት መነሻ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሰነድን ያለ ትችት የሚቀበል የታሪክ ተማሪ የለም፤ ላባም እንደዚያው ነው። የድሮ ሰብሳቢዎች የወፉን ቆዳ ነቀዝ እንዳይበላው በአርሴኒክ ሳሙና ያሹት ነበር፤ አንዳንዶቹም የሜርኩሪ ክሎራይድ ይጠቀሙ ነበር። ያንን ቆዳ ወስዶ ጠቅላላ ሜርኩሪውን የሚለካ ሰው የሚያነበው የሐይቁን ታሪክ ሳይሆን የሰብሳቢውን የመድኃኒት ሣጥን ነው። መፍትሔው ተራውን ትቶ፣ በወፉ ሕይወት ውስጥ ብቻ ሊገባ የሚችለውን ሜቲል ሜርኩሪ ለይቶ መለካት ነው። ሁለተኛው ችግር የጉዞ ነው። ከሳይቤሪያ የመጣ ወፍ የተሸከመው ብረት የማን ነው? ለዚህ ደግሞ የላባ ለውጥ ይረዳናል፤ ብዙዎቹ ጎልማሳ የጭቃ ወፎች የክንፋቸውን ላባ የሚለውጡት በክረምት መጠለያቸው፣ ማለትም በአፍሪካ ነው። እዚህ የበቀለ ላባ የዚህን ጭቃ ምስክርነት ይዞ ወደ ሰሜን ይበርራል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በሄግ የተደረሰው የአፍሪካና የዩሬዥያ ተጓዥ የውሃ ወፎች ስምምነት የተመሠረተው አንድ ወፍ የብዙ አገር ኃላፊነት ነው በሚለው በዚሁ መርሕ ላይ ነው።

ለምርምር ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ተግባራዊ ነገር ልናገርና ላብቃ። የወደቀ ላባ ለመሰብሰብ ወፍ መግደል አያስፈልግም። ከጥቅምት እስከ የካቲት በጥቁር ውሃ አፍ፣ በአሞራ ገደልና በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ የተገኘውን ላባ በወረቀት ፖስታ (እባካችሁ፣ በፌስታል አይደለም፤ እርጥበት ያፍናል) አድርጉ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የወፉን ዓይነት በእርሳስ ጻፉ፤ ቀለም በውሃ ይለቃልና። ከዚያ በደረቅና በጨለማ ቦታ ይቀመጥ። የሚለካበት መሣሪያ ዛሬ በእጃችን ባይኖርም ላባው ይጠብቃል። አሁን ጥያቄ ካላችሁ በደስታ እቀበላለሁ።